የእመቃ ምጣኔ ታሪክና የሰሜን ወሎ መንገድ



የዛሬው ንግግሬ የአንድ ቁጥር ታሪክ ነው። የእመቃ ምጣኔ ይባላል። ፒስቶኑ ታች ሲወርድ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ጠቅላላ ቦታ፣ ፒስቶኑ ጫፍ ሲደርስ ለሚቀረው ቦታ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። ምጣኔው ከፍ ሲል፣ በልኩ እስከሆነ ድረስ፣ ከአንድ ሊትር ነዳጅ የሚገኘው ሥራ ይጨምራል። ቱርቦ ሲገባ ግን አየሩ ሲሊንደር ሳይደርስ አንዴ ታምቆ ስለሚመጣ ጥያቄው ይለወጣል፤ ሁለቱ እመቃዎች ሸክሙን እንዴት ይካፈሉት? ይህን ጥያቄ የሚመልሰው ፋብሪካው ብቻ እንዳልሆነ፣ መኪናው የሚሄድበት መንገድም ድርሻ እንዳለው ላሳያችሁ እሻለሁ።

መንገዳችንን አስቡት። የሀብሩ ወረዳ ከተማ መርሳ በ1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ወልድያ በ2,000 ሜትር ገደማ። ከወልድያ ወደ ጋሸና የሚወጣው ጎዳና 3,000 ሜትር አካባቢ ይደርሳል፤ እዚያ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። በሐራ በኩል ወደ ጭፍራና ሚሌ የሚወርደው ደግሞ ወደ አፋር ሐሩር ይወስዳል። አንድ መኪና ደጋውንም ቆላውንም በአንድ ቀን ሊያይ ይችላል።

የስዊዘርላንዱ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡሂ ሞተር በሚያወጣው ጭስ የሚሽከረከር መጭመቂያ ሐሳቡን በፓተንት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። በ1918 ሳንፎርድ ሞስ የሊበርቲን የአውሮፕላን ሞተር በአሜሪካ ፓይክስ ፒክ ተራራ ላይ ፈተነ። ተራራው 4,300 ሜትር፣ ከእኛ ራስ ደጀን ጥቂት ዝቅ ያለ ነው። ታች 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር ተራራው ላይ ያለ ቱርቦ 230፣ በቱርቦ 356 ሰጠ። ቱርቦ ገና በልጅነቱ ከፍታ የወሰደውን አየር መላሽ ነበር ማለት ነው። የእኛን አቀበት ግን ለብዙ ዘመን የገፉት ያለ ቱርቦ የሚሠሩ፣ ሾፌሮች ኤንትሬ የሚሏቸው የፊያት 682 የጭነት መኪኖች ናቸው።

የቤንዚን ሞተር ጠላቱ ኳኳታ ነው፦ ከመጠን በላይ የታመቀና የጋለ ድብልቅ ካንዴላው ከለኮሰው እሳት ቀድሞ ራሱን ሲያቀጣጥል። በ1962 ሁለት አሜሪካውያን መኪኖች በቱርቦ ሲወጡ ሁለት መንገድ መረጡ። ኮርቬር ምጣኔውን 8 ለ 1 አደረገ። ኦልድስሞቢል ጄትፋየር 10.25 ለ 1 አድርጎ ኳኳታውን ውሃና ሜታኖል በመርጨት ለማስታገስ ሞከረ፤ ባለቤቶች ፈሳሹን መሙላት ይዘነጉ ነበር፣ ምርቱም በ1963 ቆመ። ፖርሸ በ1975 እስከ 6.5 ለ 1 ወረደ። ቁጥሩ እንደገና የወጣው ኳኳታውን የሚሰማ መሣሪያና ቤንዚንን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጭ ሥርዓት ከመጡ ወዲህ ነው።

በናፍጣ ነገሩ ይገለበጣል። ናፍጣን የሚለኩሰው የታመቀ አየር ግለት ስለሆነ ምጣኔው ያለ ልክ ሊወርድ አይችልም። በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ የምናየው የላንድ ክሩዘር ባለ 4.2 ሊትር ሞተር፣ ዋን ኤች ዜድ፣ ያለ ቱርቦ ከ22 ለ 1 በላይ ነው። ቶዮታ ለዚያው ቤተሰብ ቱርቦ ሲጨምርለት ወደ 18.6 ለ 1 አወረደው እንጂ እንዳለ አልተወውም። ስለዚህ ያለ ቱርቦ በተሠራ ሞተር ላይ ቱርቦ ብቻ ገዝቶ መግጠም፣ ፋብሪካው የቀነሰውን ሳይቀንሱ ሸክሙን መጨመር ነው።

ከዚህ ታሪክ የማወጣው ሕግ ይህ ነው፦ ለናፍጣ ሞተር የምጣኔውን ወለል የጋሸና ብርዳም ንጋት፣ ለቤንዚን ሞተር ጣሪያውን የጭፍራ ቀትር ይወስናል። የቱርቦ ግፊት እንደ ሁኔታው ሊለቀቅ ወይም ሊጨመር ይችላል፤ የእመቃ ምጣኔ ግን ብረት ላይ የተቀረጸ ነውና ከመኪናው ጋር አብሮ ይወርዳል። አቀበቱን ለቱርቦ ተዉለት፤ ምጣኔውን ለቁልቁለቱ ምረጡ።

ይህ የመጻሕፍት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የጋለ ሞተር ቴስታታ ሲጣመም ይላጋል። አንድ ሲሊንደር 400 ሚሊ ሊትር የሚጠርግ፣ ጫፍ ላይ 50 የሚተርፈው ከሆነ ምጣኔው 9 ለ 1 ነው። ሲላግ አምስት ሚሊ ሊትር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል፣ ቢቀነስ 10 ለ 1 ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። በወልድያ ስስ አየር ምንም ላይሰማ ይችላል፤ ኳኳታው የሚጀምረው ቆላ ሲወርድ፣ ፒስቶኑም የሚሰነጠቀው ከጋራዥ ርቆ፣ ተሳፋሪ ጭኖ ነው።

ስለዚህ ተማሪዎቼን የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። ቴስታታ ከተላገ በኋላ የቀረውን ቦታ በዘይትና በመርፌ ለኩ፣ ምጣኔውን አስሉ፣ ለባለ መኪናው ጽፋችሁ ስጡ። የሚቀጥለው መካኒክ ከዚያች ወረቀት ይጀምራል።