የትርፍ ውሃ መውጫ፦ ከገበሬው ፈሰስ እስከ ተፋሰስ ጥናት በምሥራቅ ጎጃም

የምሥራቅ ጎጃም ገበሬ በክረምት የሚጨነቀው በውሃ ማነስ ሳይሆን በውሃ መብዛት ነው። ከጮቄ ተራራ ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚወርደው አገር የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘንባል። በቢቸና ዙሪያ፣ በእነማይ ሜዳ፣ መሬቱ ጥቁር ዋልካ ነው፤ ሲረጥብ አብጦ ውሃውን አላሰርግ ይላል፣ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ከሞጣ ወደ ዓባይ በሚወርደው ተዳፋት ደግሞ ውሃው አይተኛም፤ አፈሩን ይዞ ይሄዳል።

ለሁለቱም ችግር የአገሬው ሰው መላ አበጅቷል። በዋልካው ላይ ጤፍ የሚዘራው ዘግይቶ ነው፤ ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ደግሞ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይበቅላሉ። በተዳፋቱ ላይ ዘሩ እንደተበተነ ገበሬው ማረሻውን ጫን አድርጎ ማሳውን አግድም እየሰነጠቀ ፈሰስ ያወጣል። ትርፍ ውሃ በዚያ ተሰብስቦ ወደ ማሳው ዳር ይወርዳል። ፈሰስ ወጪ አይጠይቅም፣ በየዓመቱ ቦታው ሊቀያየር ይችላል፣ ቡቃያውንም ከጎርፍ ያድናል። ችግሩ ከማሳው ዳር በኋላ ይጀምራል። የላይኛው ሰው ያወጣው ውሃ በታችኛው ማሳ ላይ ይወርዳል፤ መንገዱ ካልታሰበበትም ውሎ አድሮ ቦረቦር ይሆናል። የውሃ መውረጃ ጠብ ለሽማግሌ የሚቀርበውም ለዚህ ነው።

መሬትን ከውጭ መጥቶ መለካት በዚህ አገር ቀላል ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ የገቢ ግብር አዋጅ ሲመጣ ሞጣና ቢቸና የጎጃም አመፅ ከበረታባቸው አውራጃዎች መካከል ነበሩ፤ ባለርስቱ ልኬታን የርስት መነጠቅ መጀመሪያ አድርጎ ነበር ያየው። በ1989 ዓ.ም. የተደረገው የመሬት ሽግሽግ ደግሞ ማሳዎችን ይበልጥ ቆራረጠ። ማሳ በተቆራረጠ ቁጥር አንድ ፈሰስ የሚሻገረው ወሰን ይበዛል።

የአገሪቱ የአፈር ጥበቃ ዘመቻ የተስፋፋው በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ድርቆች ተገፍቶ፣ ውሃን ማቆር ትልቅ ጥቅም በሚሰጥባቸው ዝናብ አጠር አካባቢዎች ላይ አተኩሮ ነው። ዝናብ በሚበዛበት ጎጃም ውሃ የሚያቁር እርከን ማሳውን ያጨቀያል፣ ሲሞላም ተደርምሶ የባሰ ጎርፍ ይለቃል። ይህን ልዩነት በልኬታ ለማየት መንገድ የከፈተው በስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲና በግብርና ሚኒስቴር ትብብር እ.ኤ.አ. በ1981 የተጀመረው፣ ሃንስ ሁርኒ የመሩት የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ ጎጃም ውስጥ ደምበጫ አቅራቢያ በሚገኘው አንጀኒ እ.ኤ.አ. በ1984 ጣቢያ ከፈተ። በ113 ሄክታሩ ተፋሰስ ላይ እ.ኤ.አ. በ1986 ፋንያ ጁ የተባለው እርከን ተሠራ፤ አፈሩ ከቦዩ ወደ ላይ ይጣላል፣ ቦዩም ጥቂት ዘንበል ስለሚል ትርፉን ውሃ ወደ ጋራ መውረጃ ይመራል። ገበሬው በፈሰሱ የሚፈልገውን ነገር ይህ እርከን አፈሩን ሳይለቅ ሊሰጠው ችሏል።

በዚያው ዓመት የዋልካ ምርምር ፕሮጀክት ተጀመረ፤ የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል፣ ዓለም አቀፉ የሰብል ምርምር ተቋም ኢክሪሳት፣ የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩትና የዓለማያ ዩኒቨርሲቲ ተባብረውበታል። ቢቢኤም የሚባለው መሣሪያ ሁለት የአገር ማረሻዎችን አጣምሮ ሰፊ መደብና ማጠንፈፊያ ቦይ ያወጣል። መነሻው የገበሬው ማረሻ መሆኑ ትልቅ ማስተዋል ነበር።

የምሁራኑ ሥራ ግን ከማሳው አልፎ እስከ ወንዙ ዘልቋል። ወልደአምላክ በውቀት እ.ኤ.አ. በ2003 ከኔዘርላንዱ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ያገኙበት ጥናት በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ በሚወርደው የጨሞጋ ተፋሰስ ላይ ነው፤ በኋላም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት ጂኦግራፊ አስተምረዋል። የ1957 እና የ1982 የአየር ፎቶዎችን ከ1998 የሳተላይት ምስል ጋር አነጻጽረዋል (ሁሉም እ.ኤ.አ.)፤ የወንዙንም መዝገብ መርምረዋል። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1999 የጨሞጋ ዓመታዊ ፍሰት በየዓመቱ በአማካይ 1.7 ሚሊ ሜትር ሲቀንስ ዝናቡ የቀነሰው በ0.29 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር። መቀነሱ የጎላው በበጋ ነው። ስለዚህ ምክንያቱን በሰማዩ ላይ ብቻ መጣል አይቻልም፤ የመሬቱ አያያዝ ተለውጧል።

በጮቄ ተራሮች እርጥበታማ መሬት ላይ ኤርምያስ ተፈሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጡት ጥናት ይህን ያጠናክራል፤ እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 2005 እርጥበቱ ዝቅተኛ የሆነ 607 ካሬ ኪሎ ሜትር ወቅታዊ ረግረግ ጠፍቷል። ረግረግ የክረምቱን ውሃ ይዞ ለበጋ የሚያቆይ ስለሆነ ኪሳራው ከተራራው ርቆ ይሰማል።

ፈሰስ ራሱም የዩኒቨርሲቲ ጥናት ርዕስ ሆኗል። በጣና አቅራቢያ ዋንዛዬ ላይ የተሠራው ጥናት የድንጋይ እርከን በበዛበት ፈሰስ እንደሚቀንስ፣ የፈሰስ ውሃም ከታች ቦረቦርን እንደሚያባብስ አሳይቷል። በ2003 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው የተፋሰስ ልማት ዘመቻ በየበጋው ሕዝቡን ለእርከን ሥራ አሰማርቷል። የእርከኑን ትርፍ ውሃ የሚቀበለው መውረጃ ግን ሣር የሚለብስ የጋራ መሬት ይፈልጋል፤ ለገበሬው የሚሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር ደግሞ የሚመዘግበው የእያንዳንዱን ቤተሰብ ወሰን ነው። ያንን ቁራጭ መሬት ከማሳው ላይ ማን ይለቃል የሚለው ጥያቄ ዛሬም የሚፈታው በመንደሩ ሽማግሌዎች ፊት፣ በጎረቤታሞች ስምምነት ነው።