ባቡር የሚለው ቃል ከየት መጣ?

በከተማችን በድሬዳዋ ባቡር የሚለውን ቃል የማያውቅ ሕፃን የለም። ይሁን እንጂ ቃሉ ከየት እንደ መጣ ሰው ብንጠይቅ፥ ‹‹ከፈረንሳዮች ነዋ! ሐዲዱን የዘረጉት እነሱ አይደሉም እንዴ?›› የሚለን ይበዛል። ይህ መልስ ለጊዜው ልብ ያሳርፋል፤ ሲመረምሩት ግን አይጸናም።

ፈረንሳዮች ራሳቸው ባቡርን ባቡር አይሉትም። ተሽከርካሪውን ‹‹ትረን››፥ መንገዱን ‹‹ሽመን ደ ፌር›› ማለት የብረት መንገድ ይሉታል። ከእነሱ የወሰድናቸውም ቃላት ትውልዳቸውን አልደበቁም። ለገሃር ‹‹ላ ጋር›› ከሚለው የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ጣቢያው ማለት ነው። ፉርጎም ‹‹ፉርጎን›› ከሚለው ነው። ሹፌር እንኳ በመጀመሪያ መኪና ነጂ ማለት ሳይሆን እሳት አንዳጅ ማለት ነበር፤ ይህን ለዛሬዎቹ ሹፌሮች ብንነግራቸው ምን ይሉን ይሆን? ሐዲድ ደግሞ የዓረብ ቃል ነው፤ ብረት ማለት ነው።

ወደ ባቡር እንመለስ። የጥንት ሮማውያን እንፋሎትን ‹‹ቫፖር›› ይሉት ነበር፤ ጣሊያኖችም ‹‹ቫፖሬ›› አሉት። በእንፋሎት ኃይል የሚሄድ መርከብ በተሠራ ጊዜ መርከቡ ራሱ በዚሁ ስም ተጠራ፤ በሜድትራንያን ባሕር ወደቦችም ስሙ ከአፍ ወደ አፍ ተላለፈ። ቱርኮች ዛሬም በኢስታንቡል ሰው የሚያሻግረውን መርከብ ‹‹ቫፑር›› ይሉታል። በዓረብኛ ፊደል ግን ‹‹ቨ››ም ‹‹ፐ››ም የሉም። ስለዚህ ዓረቦች ‹‹ባቡር›› ወይም ‹‹ዋቡር›› አሉት። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበል፤ የኛ ፊደል ‹‹ፐ›› ስላለው ቃሉ በቀጥታ ከጣሊያን ቢመጣ ኖሮ ‹‹ፐ››ን እንደ ያዘ ይቀር ነበር። በ‹‹በ›› ተለውጦ መገኘቱ በዓረብ አፍ ማለፉን ያሳያል። ‹‹የምድር ባቡር›› የሚለውም ስም በዚህ ዓይን ሲታይ ይገባናል፤ የምድር መባሉ የባሕርም ስለ ነበረ ይመስለናል።

በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ የመጣው የእንግሊዝ ጦር ከዙላ ወደብ አጭር ሐዲድ ዘርግቶ ነበር፤ ጦሩ ሲመለስ ተነቀለ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ ተወላጅ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ፤ ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. እዚህ ደረሰ። ሐዲዱ ሐረር ይገባል ተብሎ ታስቦ ሳለ ተራራው ስለ ከለከለ ከቆላው ቀረ፤ በቀረበትም ስፍራ ከተማ ተቆረቆረ፤ ስሙም አስቀድሞ ‹‹አዲስ ሐረር›› ተብሎ ነበር።

ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። የአዲስ አበባ ሰው ግን ከዚያ በፊት ባቡር አይቶ ነበር፤ ያውም ሐዲድ የሌለው። ሠርኪስ ተርዚያን የተባለው አርመናዊ ነጋዴ በምኒልክ ዘመን ያስመጣውን በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ ሕዝቡ ‹‹የሠርኪስ ባቡር›› አለው። እንግዲህ ባቡር ያሰኘው ሐዲዱ ሳይሆን የሚጤሰውና የሚያጓራው ሞተር እንደ ነበረ ከዚህ እንረዳለን።

በዚሁ መንገድ ቃሉ ወደ ገጠር ገባ። በብዙ የአገራችን ክፍል ባቡር ማለት የእህል ወፍጮ ነው። በሌሊት ተነሥታ በመጅ ስትፈጭ ለኖረች እናት፥ ከጅቡቲ ዕቃ ከሚያመጣው ባቡር ይልቅ ጤፏን በደቂቃ ዱቄት የሚያደርግላት ባቡር ይበልጥባታል፤ እኛም እንፈርድላታለን። ግብፆችም የእህል ወፍጮን ‹‹ዋቡር›› ይላሉ፤ ከዚያም አልፈው በላምባ የሚነደውን የወጥ ማብሰያ ምድጃ በዚሁ ስም ይጠሩታል። ሶማሊኛ ተናጋሪው ጎረቤታችን ደግሞ ባቡር ሲል መኪና ማለቱ ነው፤ የሐዲዱን ‹‹ታሪን›› ይለዋል። ስለዚህ ድሬዳዋ ላይ ‹‹ዕቃው በባቡር መጣ›› የተባለ እንደ ሆነ፥ ሊቀበል የሚሄደው ሰው ተናጋሪው በየትኛው ቋንቋ እንደ ተናገረ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት።

እንፋሎቱ ከቃሉ ከተለየ ቆይቷል። በ1940ዎቹ የናፍጣ ሞተሮች ገቡ። ከአዲስ አበባ ይመጣ የነበረው አሮጌው ባቡር በ2000 ዓ.ም. ገደማ ቆመ፤ በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ በኤሌክትሪክ ይሄዳል፤ አንዲት ጠብታ ውኃ ሳያፈላ ባቡር ተባለ። የእርሱ ጣቢያ ከከተማው ውጭ ነው። ለገሃር ሠፈራችን ግን ከአዲስ አበባ የሚመጣ ባቡር ባይቆምበትም ዛሬም በፈረንሳዮቹ ቃል ‹‹ጣቢያው›› እየተባለ ይጠራል።