ከመጠምጠም መማር ይቅደም፦ ከወይባ ጢስ እስከ ኤሌክትሪኩ ብርድ ልብስ

ሰውን ጠቅልሎ ማላብ ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር የሚላበው ሰው አጠገብ ጠባቂ አለመኖሩ ነው።

"ኢንፍራሬድ ሳውና ብርድ ልብስ" የሚባለው ዕቃ እንደ መኝታ ከረጢት የተሰፋ ነው። ውስጡ በኤሌክትሪክ የሚግሉ ክሮች አሉት። ሰው እስከ አንገቱ ይገባና ይዘጋበታል። "ስብ ያቀልጣል፣ መርዝ ያስወጣል" እየተባለ ይሸጣል። እንበልና አንዱ በዘመድ ሻንጣ ከአሜሪካ ተነስቶ ምዕራብ ዓባያ፣ ብርብር ከተማ ደረሰ። እዚያ ምን ያገኘዋል? መልሱ ያለው ታሪኩ ውስጥ ነው።

በወይባ ጢስ እንጀምር። በትግራይ፣ በወሎና በጎንደር ሴቶች፣ በተለይም ሙሽሮችና አራሶች፣ ሲሞቁት ኖረዋል። ትንሽ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ፍም ይደረግበታል፣ የወይባ እንጨት ይጨመርበታል። ሴትየዋ ገላዋን ቅቤ ተቀብታ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ትቀመጥና ከአንገቷ በታች በወፍራም ልብስ ትሸፈናለች። ጭንቅላቷ ውጭ ነው። በሱዳንም ሴቶች በግራር እንጨት ይህንኑ ያደርጋሉ፤ ዱኻን ይሉታል። ሥርዓቱን ከኤሌክትሪኩ ብርድ ልብስ ጋር ስናስተያየው አቀማመጡ አንድ ነው፦ ገላ ከውስጥ፣ ራስ ከውጭ።

ልዩነቱ ከጎን ያለችው ሴት ናት። እናት፣ አክስት ወይም ሙያውን የምታውቅ ጎረቤት አጠገቧ ትቀመጣለች። ፍሙን ትቀንሳለች፣ ውሃ ታጠጣታለች፣ ፊቷን እያየች "በቃሽ፣ ውጪ" ትላታለች። ጢሱ አደጋ አልነበረውም ማለት አይደለም፤ በተዘጋ ቤት የፍም ጭስ ሰው ይገድላል። ቢሆንም ሙቀቱን የሚለካ የሰው ዓይን ነበረ።

የአዲስ አበባ ታሪክም ከትኩስ ውሃ ይነሳል። ኦሮሞዎች ፊንፊኔ በሚሉት ቦታ ከሚፈልቀው ፍልውሃ ለመታጠብ አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ይወርዱ ነበር። እቴጌይቱ በአካባቢው ቤት አሠርተው ቦታውን አዲስ አበባ ያሉት በ1879 ዓ.ም. ነው። ፍልውሃው ከምድር ሲወጣ ገላ አያስነካም፤ መቀዝቀዝ አለበት። እዚህም ሰው በሙቀቱ መካከል ገብቶ መጠኑን ይወስናል።

ወደ ጋሞ ስንመለስ ደግሞ ራሱ ብርድ ልብሱ ታሪክ አለው። የጋሞ ሸማኔዎች፣ በተለይም ዶርዜዎች፣ የሚሸምኑት ወፍራሙ ቡሉኮ ለደጋ ብርድ የሚሆን ነው። ጨንቻ ከባህር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚያ ቡሉኮ የግድ ነው። ዓባያ ሐይቅ ግን ከእሷ በ1,500 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። የደጋው ሰው ቆላውን ሲሸሽ የኖረበት ዋነኛ ምክንያት ወባ ነው። የጋሞ ጎፋ ዋና ከተማ ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ የወረደው በ1950ዎቹ ነው። ብዙ ሰውም ቆላ ሲወርድ ቡሉኮውን ይዞ ወረደ።

የወባ በሽተኛ መጀመሪያ የሚጠይቀው ብርድ ልብስ ነው። ይንቀጠቀጣል፣ ይበርደኛል ይላል። ነገር ግን በዚያው ሰዓት የሰውነቱ ሙቀት ወደ 39ና 40 ዲግሪ እየወጣ ነው። ቆይቶ ትኩሳቱ ሲወርድ ያልበዋል። ቤተሰቡ "አልቦት ተሻለው" ይላል። እውነቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ትኩሳቱ ስለለቀቀው ነው ያላበው። ወባውም በደሙ ውስጥ እንዳለ ነው፤ የሚያወጣው የደም ምርመራና መድኃኒት እንጂ ላብ አይደለም። እንዲህ ያለውን በሽተኛ የጋለ የኤሌክትሪክ ከረጢት ውስጥ ማስገባት በእሳት ላይ ቤንዚን መጨመር ነው።

የኢንፍራሬድ ነገር ራሱ ምስጢር የለውም። ዊልያም ኸርሽል በ1800 እ.ኤ.አ. የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ ከቀዩ ቀለም ወዲያ ዓይን የማያየው ሙቀት አገኘ። ከፍም ፊት የቆመ ሰው ገላው ላይ የሚሰማው ይኸው ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ሃርቪ ኬሎግ በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. አምፖል የተደረደረበት ሳጥን ውስጥ ሰው እያስቀመጠ ያላብ ነበር። የእሱም ሳጥን ሐኪምና አስታማሚ አጠገቡ ነበሩ። ሳጥኑ ወደ ከረጢት ሲቀየር ግን አስታማሚው ቀርቶ በቦታው ቁልፍ ገባ።

ሻጮች የፊንላንድን ጥናት ይጠቅሳሉ። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው ያ ጥናት 2,315 ወንዶችን ለ20 ዓመት ያህል የተከተለ ሲሆን ሳውና የሚያዘወትሩት በልብ በሽታ የመሞት ዕድላቸው ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ያ ግን የእንጨት ክፍል ሳውና ነው፤ ስለ ብርድ ልብስ የሚናገረው የለም። "መርዝ ያስወጣል" የሚለውም አይጸናም። ላብ በአብዛኛው ውሃና ጨው ነው፤ ቆሻሻ የሚያጣሩት ጉበትና ኩላሊት ናቸው። የቀነሰው ኪሎም ውሃ ሲጠጣ ይመለሳል።

ታዲያ ይጣል? አይደለም። ጤነኛ ሰው በመጠኑ ቢሞቅበት ጡንቻው ይፍታታል፣ ደስም ይለዋል። ግን አስቀድሞ መሰኪያው ይታይ። የአሜሪካ ቤት 120 ቮልት ነው፣ የኢትዮጵያ 220። ለ120 የተሠራ ማሞቂያ 220 ላይ ቢሰካ ከሦስት እጥፍ በላይ ኃይል ይስባል። የሶኬቱን ቅርጽ የምትቀይረው ትንሿ አስማሚ ቮልቱን አትቀንስም፤ ዕቃው ላይ "220" ካልተጻፈበት የሚችለው ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። የተላጠ ገመድ፣ እርጥብ ወለልና በአንድ ማከፋፈያ ላይ የተደራረበ መሰኪያም አደጋ ናቸው። መብራት ከሄደ ተነቅሎ ይቀመጥ።

ከዚያ ገላው። በዝቅተኛ ሙቀት፣ ከ15 ደቂቃ ያልበለጠ ጊዜ ይጀመር። ቀጭን የጥጥ ልብስ ይለበስ። ውሃ ከመግባት በፊትና በኋላ ይጠጣ። አረቄና ጠላ ከተጠጣ ይቅር። በውስጡ መተኛት ክልክል ነው። ራስ ካዞረ፣ ካቅለሸለሸ ወይም ልብ ከመታ ወዲያው ይወጣ። ትኩሳት ያለበት፣ ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን፣ የልብ ሕመምተኛና እግሩ የደነዘዘ የስኳር ታማሚ አይግባ። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሐኪሙን ይጠይቅ። ብርብር ላይ ደግሞ ቤቱ ራሱ ሞቃት ስለሆነ ለጨንቻ የሚበቃው ደቂቃ ለቆላው ይበዛል።

ከሁሉም በላይ ግን ሰው ብቻውን አይግባበት። ከወይባው ጉድጓድ አጠገብ የነበረችው ሴት ከዕቃው ጋር በካርቶን ታሽጋ አትመጣም፤ ቤተሰቡ ራሱ ሊያስቀምጣት ይገባል። "በቃሽ" የሚል ሰው በሌለበት ሙቀቱን የሚገታው የለም። አበው ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት ስለ ጥምጣም ነበር፤ ለከረጢቱም ይሠራል።