ከአሸናፊው በፊት ያሉት ስሞች

የእንግሊዞቹ የቡከር ሽልማት ዳኞች በየዓመቱ የሚያጯቸውን ልብ ወለዶች ስም በደብተሬ የመገልበጥ ልማድ አለኝ። ኪሴ ለአንድ መጽሐፍ ብቻ በሚበቃበት ወር “የቱን ልግዛ?” ከሚል ጭንቀት ይገላግለኛል። ታዲያ ከአሸናፊው ይልቅ የሚያጓጓኝ ዝርዝሩ ነው።

ሽልማቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1969 ሲሆን፣ ለመጨረሻው ዙር የደረሱትን የያዘው አጭር ዝርዝር ከጥንቱም ይፋ ይወጣ ነበር። (በ1975 ዳኞቹ ምን እንደከፋቸው እንጃ፣ ለአጭሩ ዝርዝር ያበቁት ሁለት መጻሕፍት ብቻ ነው!) ከዚያ ቀድሞ የሚዘጋጀው ረጅሙ ዝርዝር ግን እስከ 2001 ድረስ የዳኞቹ የጓዳ ምስጢር ሆኖ ኖሯል። እዚያ የቀረ መጽሐፍ ስሙ እንኳ ለአንባቢ ጆሮ አይደርስም ነበር። ዛሬ በረጅሙ 12 ወይም 13፣ በአጭሩ 6 መጻሕፍት ይታወጃሉ።

ሌላም አጥር ነበረ። እስከ 2013 ድረስ ለውድድሩ የሚበቁት በዋነኛነት የብሪታንያ፣ የአየርላንድና የኮመንዌልዝ አገሮች ደራስያን ነበሩ። ከ2014 ጀምሮ ግን በእንግሊዝኛ ተጽፎ በብሪታንያ የታተመ ልብ ወለድ ሁሉ፣ የደራሲው ዜግነት ሳይጠየቅ እንዲወዳደር ተፈቀደ። “አሜሪካኖች ሊውጡን ነው” ብለው ያጉረመረሙ እንግሊዛውያን ጥቂት አልነበሩም። አዲስ አበባ ተወልዳ በአሜሪካ የምትኖረው መዓዛ መንግሥቴም የገባችው በዚሁ በር ነው።

“ዘ ሻዶው ኪንግ” የተባለው መጽሐፏ ፋሺስት ኢጣሊያን የተዋጉ ኢትዮጵያውያት ሴቶችን ይተርካል። የራሷ ቅድመ አያት ጠመንጃ ይገባኛል ብለው አባታቸውን ከስሰው፣ ረትተው ዘምተዋል። በ2020 መጽሐፉ ከረጅሙ ዝርዝር ገባ። ሁለት ጊዜ የተሸለመችው ሂላሪ ማንቴል ለአጭሩ ሳትበቃ ስትቀር መዓዛ ከዚምባብዌያዊቷ ጺጺ ዳንጋሬምባ ጋር አለፈች። ኅዳር 10 ቀን 2013 ዓ.ም. ግን ሽልማቱን የወሰደው ስኮትላንዳዊው ዳግላስ ስቱዋርት ሆነ፤ ያውም በመጀመሪያ ልብ ወለዱ።

እውነት ለመናገር ተናድጄ ነበር። በኋላ የሰውየውን መጽሐፍ ተውሼ ሳነበው ዳኞቹን መውቀስ አቃተኝ። አሁን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። በአማርኛ የተጻፈ ልብ ወለድ ከዚህ ደብተር ሊገባ አይችልም። ለትርጉም ሥራዎች የተለየ ሌላ የቡከር ሽልማት አለ፤ እሱም ቢሆን መጽሐፉ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ እዚያው ካልታተመ አይቀበልም። ተርጓሚውን ማን ይከፍለዋል?