የቁስቋሟ እቴጌና ምልምል ኢያሱ

የአጎቴ ልጅ በደርግ ዘመን ሌኒንግራድ ነው የተማረው። ዛሬ ጡረታ ወጥቶ አዘዞ ተቀምጧል። ሩስኪው እንዳይጠፋበት ይሁን ጎረምሳነቱ እየናፈቀው፣ ብቻ ማታ ማታ የሩሲያ ተከታታይ ድራማ ያያል። ጎንደር በሄድኩበት ሰሞን እሱ ዘንድ ሳመሽ «ዬካቴሪና» የሚባለውን ከፍቶ፣ በየመሐሉ እያቆመ ይተረጉምልን ጀመር።

ድራማው ሩሲያ ውስጥ በ2014 መታየት የጀመረ ነው (ዓመቱን ሁሉ የምጠራው እንደ ፈረንጆቹ ነው፣ አንባቢ እንዳይምታታበት)። ታሪኩ የታላቋ ካትሪን ነው። ለአልጋ ወራሹ ለጴጥሮስ ታጭታ በ1744 ከጀርመን አገር የመጣች ልጃገረድ ናት። ባሏ ዓይኗን ማየት አይፈልግም። እሱ ሌላ ወዷል፤ እሷም በፊናዋ መጀመሪያ ሳልቲኮቭ የሚባል ባላባት፣ ኋላ ደግሞ ግሪጎሪ ኦርሎቭ የሚባል መኮንን ወደደች። በ1762 ባልየው በነገሠ በመንፈቁ እሷና የኦርሎቭ ወንድማማቾች ከዙፋን አወረዱት። ከጥቂት ቀን በኋላም በእስር እንዳለ ሞተ።

አክስታችን ከጎናችን ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። ድራማውን የሚያዩት በግማሽ ዓይን ነው። ባልየው ሲሞት እንዝርታቸውን አቆሙና፣ «ይኼ ምኑ ይገርማል? የኛይቱን እቴጌ ታሪክ ነው'ኮ የሠሩት! ልጁን ባል አደረጉት እንጂ» አሉ።

የአጎቴ ልጅ ሳቀ። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ ነገሩ ከራሴ አልወጣም። ለካስ ካትሪን ፒተርስበርግ ላይ ስትሟሟት እቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም ላይ ነበረች። በአንድ ዘመን የኖሩ ሴቶች ናቸው። ደግሞም አክስታችን ልክ ናቸው፤ የጎንደሩ ነገር ከሩሲያው የሚለየው በሦስተኛው ሰው ነው።

ምንትዋብ የቋራ ልጅ ናት። ስመ ጥምቀቷ ወለተ ጊዮርጊስ ነው። አፄ በካፋ ራሱን ሰውሮ አገር ለአገር ሲዞር ቋራ ላይ ታሞ እንደ ወደቀ፣ እቤታቸው ገብቶ ያስታመመችው ይህች ልጅ እንደሆነች፣ ሲድን እንደ ወሰዳት ይተረካል። አፈ ታሪኩን ማን ይጠላል? ሐቁ ግን በካፋ በ1730 መሞቱና ምንትዋብ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ መበለት ሆና፣ ሰባት ዓመት ገደማ የሆነው ልጇን ኢያሱን ይዛ መቅረቷ ነው። ወንድሟ ወልደ ልዑልና የቋራ ዘመዶቿ ከጎኗ ቆሙ። ልጇ ዳግማዊ ኢያሱ ተብሎ ነገሠ። እሷም ሞግዚት ብቻ አልሆነችም፤ ብርሃን ሞገሳ ተብላ ዘውድ ጫነች።

እንግዲህ ይህች ሴት ባሏን ከቀበረች በኋላ ምን ትሁን? የዘመኑ ሰው መልስ አጭር ነበር፤ ትመንኩስ። ምንትዋብ ግን አልመነኮሰችም። ከአንድ ወጣት ጋር ተዋደደች። ስሙ እንደ ልጇ ኢያሱ ነው፣ ማዕረጉ ግራዝማች። የታላቁ የአዲያም ሰገድ ኢያሱ የልጅ ልጅ ነውና ለሟቹ ባሏ የቅርብ ዘመድ ነው። በዕድሜም ያንሳታል። ጋብቻ ነው የሚሉ አሉ፣ ውሽምነት ነው የሚሉም አሉ። የጎንደር ሰው ግን ክርክሩን በአንድ ቅጽል ዘጋው፤ «ምልምል ኢያሱ» አለው። ምልምል እንግዲህ የተመረጠ፣ የተመለመለ ማለት ነው፤ ወታደር ይመለመላል፣ ካድሬ ይመለመላል። የእቴጌ ምልምል ሲባል ግን ሽሙጡን ለማስረዳት መዝገበ ቃላት አያስፈልግም። ሰውየው ከሞተ ሁለት መቶ ሰማንያ ዓመት አለፈው፣ እስከ ዛሬ የምንጠራው በዚሁ ስድብ ነው።

ሦስት ሴቶች ልጆች ወለዱ፤ አስቴር፣ ወለተ እስራኤልና አልጣሽ።

አሁን ወደ ልጅየው እንምጣ። ዳግማዊ ኢያሱ አደገ። አደን ይወዳል፣ ፈረስ ይወዳል። መንግሥቱ ግን በእናቱና በአጎቶቹ እጅ ነው። ቤት ውስጥ ደግሞ በስሙ የሚጠራ ሌላ ኢያሱ አለ፤ ከእናቱ ጋር የሚኖር። በ1742፣ ንጉሡ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ ምልምል ኢያሱ ተገደለ። በጣና አካባቢ ከገደል ተወርውሮ እንደ ሞተ ይነገራል። ትእዛዙ የንጉሡ እንደነበረ የታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል።

ለምን? ቅናት ነው ማለት ይቀላል። የአባቱ ክብር ተነክቶበት ነው ማለትም ይቻላል። ሁለቱም ሳይኖሩበት አልቀሩም። እኔ ግን ይህን ነገር ከሩሲያው ጋር ሳስተያየው ሌላ ነገር ይታየኛል። ኦርሎቭ ወታደር ነው፣ የዙፋን ደም የለውም። ለካትሪን በ1762 ወንድ ልጅ እንኳ ወልዶላታል፤ ልጁም አባትየውም ለዘውዱ የሚያሰጉ ስላልነበሩ በሕይወት ኖሩ። ፍቅሩ ሲያልቅም ኦርሎቭ ሹመቱንና ሀብቱን ይዞ ዞር አለ። ምልምል ኢያሱ ግን የንጉሥ የልጅ ልጅ ነው። ጎንደር ደግሞ የንጉሥ ደም ያለበትን ወንድ ምን እንደምታደርግ የሚታወቅ ነው፤ ወህኒ አምባ ላይ ሰቅላ ትጠብቀዋለች። አፄ በካፋ ራሱ ከዚያ አምባ ወርዶ ነው የነገሠው። ታዲያ እናትህ ዘውድ ጭናለች፤ ወዳጇ የአዲያም ሰገድ ዘር ነው፤ እስካሁን የወለዱት ሴት ነው፤ አራተኛው ወንድ ቢሆንስ? ይህን ያላሰበ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ንጉሥ ቢኖር እንኳ፣ ጆሮው ሥር ሆኖ የሚያሳስበው መኳንንት አይታጣም። ምልምል ኢያሱ የቋራ ባላገር ቢሆን ኖሮ በሹክሹክታ ታልፎ፣ አርጅቶ ይሞት ነበር ባይ ነኝ። ያስበላው ያው እቴጌዋ ደጅ ያደረሰው ዘሩ ነው።

እናትየው ምን አደረገች? ከሥልጣኗ አልወረደችም። ልጇንም አላወረደችውም። ከኖረችበት ዘመን የወረሰነው ሕንፃና የቤተክርስቲያን ሥዕል ነው። በጣና ደቅ ደሴት ባሠራችው በናርጋ ሥላሴ ግድግዳ ላይ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር በግንባሯ ተደፍታ ተሥላለች። ሥዕሉን ያየ ሰው ትሕትናዋን ያደንቃል። እኔ በበኩሌ ያቺ የተደፋች ሴት የልጇን ነፍስ ትለምን ይሁን የወዳጇን፣ ባየሁት ቁጥር ይምታታብኛል።

ንጉሡም አልተሳካለትም። ወንድነቱን ሊያስመሰክር በ1744 ስናር ላይ ዘመተና ተሸንፎ ተመለሰ፤ ኩርዓተ ርእሱ የተባለውን ሥዕል ሳይቀር አስማርኮ በወርቅ ነው የተዋጀው። በ1755 በጎልማሳነቱ ሞተ። ያን ጊዜም ከተማው ያወራው ምን ነበር? የምልምል ኢያሱ እህት መርዝ አበላችው፣ የወንድሟን ደም መለሰች። እውነት ይሁን ሐሜት፣ ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ጎንደር ያንን ገደል እንዳልረሳችው ያሳያል።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ድራማ ሠሪዎቹ ይበቃቸው ነበር። ግን ሴት ልጆቹ አሉ። ሴት ስለሆኑ ወህኒ አምባ አልወጡም፤ ለታላላቅ መኳንንት ተዳሩ። የወለተ እስራኤል ልጅ የጎጃሙ ታላቁ ራስ ኃይሉ ሆነ። የሐሜት ልጆች የተባሉት፣ ባላባት የሚቆጠርባቸው ሆኑ ማለት ነው። የአስቴር ደግሞ ከእናቷም ይብሳል።

አስቴርን የምናውቃት በ1770 ጎንደር በገባው በስኮትላንዳዊው በጀምስ ብሩስ በኩል ነው። ብሩስ በፈንጣጣ የታመሙ ልጆችን ሲያክም በቁስቋም ቤተሰብ ውስጥ ገባ። መጽሐፉን ያሳተመው ጎንደርን ከለቀቀ ወደ ሃያ ዓመት ግድም ቆይቶ በ1790 ቢሆንም፣ የአስቴር ነገር ሲነሳ ብዕሩ ይለሰልሳል። (ሰውየው ራሱ ሳይወዳት አልቀረም እላለሁ፤ መቼም ወንድ ነው።)

ብሩስ እንደሚተርከው፣ አስቴር የቤጌምድሩ ገዥ የማርያም ባርያው ሚስት ነበረች፣ ትወደውም ነበር። ንጉሡ ኢዮአስ የዳግማዊ ኢያሱ ልጅ ነውና የምንትዋብ የልጅ ልጅ፣ ለአስቴር ደግሞ የወንድም ልጅ ነው። ኢዮአስ ማርያም ባርያውን ሽሮ ቤጌምድርን ለእናቱ ወንድም ለብርሌ ሊሰጥ ፈለገ። ማርያም ባርያው እምቢ አለ፣ ተዋጋ፣ ብርሌ ሞተ። ከትግራይ የተጠራው ራስ ሚካኤል ስሑል ማርያም ባርያውን ነፋስ መውጫ ላይ ድል አደረገው። የሸሸው ሰው ተይዞ ለብርሌ ወንድም ለሉቦ ተሰጠ፤ ሉቦም ገደለው።

እዚህ ላይ ነው አስቴር ከእናቷ የምትለየው። ሀዘኗን ሳታወልቅ ሚካኤል ሰፈር ድረስ ሄደች፤ ያኔ ሽማግሌ ነው፣ አንድ እግሩም ያነክሳል። የባሌን ደም መልስልኝና አግባኝ አለችው። ባሏን ያሸነፈው እሱ ራሱ መሆኑን ልብ በሉ! እሷ ግን ያሸነፈውንና ያረደውን ለይታ አይታለች። ሚካኤልም አገባት። በ1769 ደግሞ ይኸው ባሏ አፄ ኢዮአስን አሳንቆ አስገደለ። ዘመነ መሳፍንት የምንለውን ከዚያች ዓመት ነው የምንቆጥረው።

የኢዮአስን መሞት የአስቴር በቀል ብቻ አመጣው ማለት አይቻልም፤ ሚካኤል የራሱ ስሌት ያለው ሰው ነው። ግን የምንትዋብን ቤት አስቡት። ልጇ ወዳጇን ገደለ። የልጅ ልጇ የሴት ልጇን ባል የበላ ጦርነት አስነሳ። የሴት ልጇ አዲስ ባል የልጅ ልጇን አሳነቀ። አሮጊቷ እቴጌ ኢዮአስን ቁስቋም ቀብራ ከዚያ ወዲያ ቤተ መንግሥት ተመልሳ አልገባችም፤ ብሩስም ያገኛት እዚያው ነው። በ1773 ሞተች።

ስለዚህች ሴት ስናወራ ሁልጊዜ ሁለት ምንትዋብ ነው ያለችን። አንዷ ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ያሠራች፣ ሠዓሊና ደብተራ የሰበሰበች፣ ለቱሪስት የምናሳያት ናት። ሁለተኛዋ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን የምናማት ናት። አፄዎቹ ስንት ዕቁባት እንደነበራቸው ሲነገር ማንም ድምፁን ዝቅ አያደርግም። ካትሪንን ሩሲያኖቹ በወዳጆቿም በአዋጆቿም በአንድ ድራማ ውስጥ አስገብተው ያሳያሉ፤ እኛ ዘንድ የወደደችዋና የገዛችዋ አንድ ሴት መሆናቸውን የሚያምን የለም።

በማግስቱ አክስታችንን ይዘን ቁስቋም ወጣን። ከከተማው በስተሰሜን ምዕራብ ያለው ዳገት ለእሳቸው ቀላል አልነበረም፤ ሦስት ጊዜ አርፈናል። የቤተ መንግሥቱ ፍራሽ ግድግዳ አሁንም መስቀሉን እንደተሸከመ ቆሟል። አስጎብኚው መስተዋት ያለበትን ሣጥን አሳየን፤ ውስጡ አፅም ነው። «እቴጌ ምንትዋብ፣ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ፣ የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ» እያለ ቆጠረልን።

አክስታችን ለሦስቱም አማትበው ጎንበስ አሉ። ቀና ሲሉ ግን ልጁን አዩትና፣ «ያኛው ኢያሱስ?» አሉት።

«የትኛው ኢያሱ እማማ?» አለ አስጎብኚው።

«ተወው» አሉት። ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።