ሞተሩ አዲስ፣ ፍሬኑ የጃንሆይ ዘመን

በቅርቡ ከሲ.ኤም.ሲ ሚካኤል ወደ አያት በሚወስደው መንገድ ዳር ታክሲ ስጠብቅ አንድ የሚያስቅ ነገር አየሁ። ዕድሜው ከእኔ የሚበልጥ ላንድክሩዘር፣ ያ ክብ መብራት ያለው 40 የሚባለው ሞዴል፣ ከኋላው ባሰረው ተሳቢ ላይ የሚያብረቀርቅ የኤሌክትሪክ መኪና ጭኖ ይሄዳል። አጠገቤ የቆሙት ሰዎች ሳቁ። አንዱ «አያት የልጅ ልጁን አዝሎ» አለ። እኔም ሳቅሁ። ከፊቱ የነበረው ሚኒባስ ድንገት ሲቆም ግን ላንድክሩዘሩ ለመቆም የወሰደበትን ርቀት አየሁና ሳቄን ዋጥኩት።

እናም ወዳጆቼ፣ የዛሬው ጽሑፍ ስለ ፍሬን ነው። ፖለቲካ የለበትም ብላችሁ አትዝለሉት። ግብር አለበት፣ አዋጅ አለበት፣ የ1966ቱ አብዮትም በጎን ብቅ ይላል።

ከመነሻው እንጀምር። ላንድሮቨር የተወለደው ለእርሻ ነው። የሮቨር ኩባንያ መሐንዲስ የነበረው ሞሪስ ዊልክስ፣ አንግልሲ በምትባለው የዌልስ ደሴት በነበረው እርሻው ላይ ከጦርነቱ የተረፈ የአሜሪካ ጂፕ ይጠቀም ነበር። እሱን የሚተካ መኪና ለመሥራት ተነሳና እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 30 ቀን 1948 አምስተርዳም ላይ ለሕዝብ ታየ። 1.6 ሊትር ሞተር፣ 50 የፈረስ ጉልበት፣ በአራቱም ጎማ ውስጥ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ታምቡር። በጭቃ ማሳ ውስጥ በከባድ ማርሽ እየተጎተተ ለሚውል መኪና ይህ ፍሬን ከበቂ በላይ ነበር። የቶዮታው 40ም ቢሆን ብዙ ዓመት የተሠራው በአራቱም ጎማ ታምቡር ነው። ሁለቱም እንዲሄዱ የተሠሩ መኪኖች ናቸው። መቆም ብዙም አላሳሰባቸውም።

ወደ እኛ አገር ሲመጡ ያገኙት መንገድ ደግሞ ሌላ ነው። ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ወረራ ተራራውን እየበሳ መንገድ ዘረጋ። የጣርማ በር ዋሻ እስከ ዛሬ ይመሰክራል። መንገዱን ብቻ አይደለም የተወው፤ ቋንቋውንም ነው። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ቸርኬ የምንለው ከዚያው ነው። ቀጥሎ በመስከረም 1943 የዓለም ባንክ ለአፍሪካ የመጀመሪያ የሆነውን ብድር ለኢትዮጵያ ሰጠ። ከዚያ ውስጥ 5 ሚሊዮን ዶላሩ ለመንገድ ነበር። በዚያው ዓመት የንጉሠ ነገሥቱ አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። የሰፈራችን ስም ራሱ ከጣሊያን የግንባታ ኩባንያ ስም የመጣ መሆኑን ልብ በሉ። መንገድና መኪና በዚህ ሰፈር ታሪክ ውስጥ እንግዳ አይደሉም።

አሁን ከሲ.ኤም.ሲ ተነስተን በአያት በኩል ወደ ደብረ ብርሃን እንውጣ። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ። በሌላው አቅጣጫ ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ቁልቁለቱ 1,400 ሜትር ገደማ ነው። ሩቅ ሳንሄድ፣ ከእንጦጦ ሸንተረር ወደ ከተማው ሲወረድ እንኳ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ታች ነው። አንድ ስሌት ልንገራችሁ። መኪናውና ተሳቢው አንድ ላይ 3.5 ቶን ቢመዝኑና 500 ሜትር ቁልቁል ቢወርዱ የሚወጣው ጉልበት 50 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ሞተሩ በማርሽ ያልያዘው ሙቀት በአብዛኛው የሚገባው ፍሬን ውስጥ ነው። በዓባይ ቁልቁለት ደግሞ ይህን በሦስት አባዙት።

ታምቡር ደግሞ ሙቀትን አይወድም። ሲግል ይሰፋል፤ ሲሰፋ ከሸራው ይርቃል፤ ስለዚህ ፔዳሉ ወደ ታች እየጠለቀ ይሄዳል። ሸራውም ከልክ በላይ ሲግል መያዙን ይተዋል። የፍሬን ዘይቱ እርጥበት የጠጣ ከሆነ (ዘይቱ ከአየር ላይ እርጥበት መጠጣት ልማዱ ነው) ይፈላና ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎት ደግሞ እንደ ዘይት አይገፋም፤ ይጨመቃል። ያኔ ፔዳሉ ወለል ይነካል። ዜና ላይ «ፍሬን እምቢ ብሎት» የምትለዋን ሐረግ ሰምታችኋል። ፍሬን ብዙ ጊዜ በድንገት እምቢ አይልም። ከተራራው አናት ጀምሮ ሲያስጠነቅቅ ይመጣል።

አብዮቱ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በየካቲት 1966 የቤንዚን ዋጋ በ50 በመቶ ሲጨምር የአዲስ አበባ ባለ ታክሲዎች ሥራ አቆሙ። የቀረውን ታሪክ ታውቁታላችሁ። ቤንዚን ከዚያ በኋላ እንደ ድሮው ሆኖ አያውቅም። ስለዚህም አሮጌ ቤንዚን ጠጪ መኪና ያለው ሰው ሞተሩን አውርዶ ናፍጣ ማስገባቱ ብልህነት ሆነ። የኛ መካኒኮች በዚህ ሥራ የተካኑ ናቸው፤ ላንድሮቨር ላይ የጃፓን ናፍጣ ሞተር፣ ድሮ ቤንዚን በነበረው 40 ላይ ትልቁን የቶዮታ ናፍጣ። ነገር ግን ሞተር ሲቀየር ሁለት ነገሮች በዝምታ አብረው ወጡ፤ ብዙው ባለመኪናም አላስተዋለም።

አንደኛው እገዛው ነው። ሰርቮ የሚባለው ያ ክብ ጣሳ እግራችንን የሚያግዘው የቤንዚን ሞተር አየር ሲስብ በሚፈጥረው ባዶነት ነው። ናፍጣ ሞተር እንደዚያ አይስብም፤ ለብቻው የመምጠጫ ፓምፕ ያስፈልገዋል። ፓምፑ ሳይገጠም የሚነዳ መኪና በባዶ እግር ጉልበት የሚቆም መኪና ነው። ሁለተኛው የሞተሩ መያዝ ነው። የቤንዚን ሞተር እግር ከነዳጅ ላይ ሲነሳ አየሩን ስለሚያፍን መኪናውን ይይዛል። ናፍጣ በጥቅሉ ከዚያ ያነሰ ይይዛል። ትልልቆቹ የናፍጣ ከባድ መኪኖች የጭስ ማውጫ ፍሬን የሚገጠምላቸው ለዚህ ነው። እንግዲህ ጉልበት ጨመርን፣ ፍጥነት ጨመርን፣ መያዣውን ቀነስን። በሰዓት 60 ይሄድ የነበረ መኪና 100 ሲሄድ ለማቆም የሚያስፈልገው ሥራ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል።

በዚህ ላይ ከፍታችን አለ፤ ይህን ከብዙ መካኒኮች አፍ ሰምቼ አላውቅም። ሰርቮ የሚገፋው በአየር ክብደት ነው። አዲስ አበባ ላይ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ጠረፍ ሩብ ያህል ያነሰ ነው፤ እንጦጦ ላይ ደግሞ ከዚያም ይወርዳል። ስለዚህ ጅቡቲ ወደብ ላይ እግርን በደንብ የሚያግዝ ሰርቮ እዚህ ሲደርስ ከእገዛው ሩቡን አጥቷል። ለእኛ አገር ሲመረጥ ትልቁን መምረጥ ይሻላል።

ዓለም መፍትሔውን ካገኘ ቆይቷል። ዲስክ ፍሬን በእንግሊዝ አገር ፍሬድሪክ ላንቸስተር ፓተንት ያወጣበት እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። ጃጓር እ.ኤ.አ. በ1953 የለማንን ውድድር በዲስክ ሲያሸንፍ ነው ሰው ሁሉ ዞሮ ያየው። ሬንጅሮቨር በ1970 በአራቱም ጎማ ዲስክ ይዞ መጣ። ላንድሮቨር ግን ፊት ለፊት ዲስክ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው፤ የቶዮታው 40ም እንደ ገበያው ይለያይ እንጂ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ነው። እኛ ጋ እስከ ዛሬ የሚሠሩት ብዙዎቹ ከዚያ በፊት የተሠሩ ናቸው።

ያንን ላንድክሩዘር ካየሁ በኋላ ሰፈራችን ያለ አንድ አዛውንት መካኒክ ጋ ሄድኩ። እዚያ አንድ ወጣት ከአባቱ የወረሰውን 40 ይዞ መጥቷል። የመጎተት ሥራ ሊሠራበት ነው።

«ጋሼ፣ ዳገት ላይ ጉልበት ያንሰዋል፤ ተርቦ ልግጠምለት?»

«ልጄ፣ ይሄ መኪና መሄድ መቼ አቃተው? መቆም ነው ያቃተው።»

ሥራው ይህን ይመስላል። ከኋላኛው 60 ከሚባለው ላንድክሩዘር ላይ የፊት ዲስኩና ዲስኩን ቆንጥጦ የሚይዘው ካሊፐር ይወጣና ለ40ው ይገጠማል። ቸርኬው ካሊፐሩን እንዳይነካ ይለካል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፤ ስህተቱም እዚህ ነው። የድሮው የፍሬን ፖምፓ ለታምቡር የተሠራ ስለሆነ መስመሩ ውስጥ ትንሽ ግፊት አስቀርቶ የሚይዝ ቫልቭ ይኖረዋል። ያ ግፊት ዲስክ ላይ ሲሄድ ሸራው ሁልጊዜ እየተፋተገ ይውላል፤ ፍሬኑ ሳይነካ ይግላል። ስለዚህ ፖምፓውም አብሮ ይቀየራል፤ የፊትና የኋላ መስመሩ የተለያየ የሆነ፣ አንዱ ቢፈስ ሌላው የሚይዝ ዓይነት። የመምጠጫ ፓምፑ ይፈተሻል። የላስቲክ ቱቦዎቹ ይቀየራሉ። አሮጌው ዘይት ሙሉ በሙሉ ይፈስና ዶት 4 ይገባል። የኋላው ታምቡር ሊቆይ ይችላል፤ ግን የፊትና የኋላው ሚዛን ይስተካከላል፤ አለዚያ ዝናብ ላይ ቂጡ ቀድሞ ይዞራል።

ተሳቢውስ? ሽማግሌው በጣም የተቆጡት በዚህ ነው። አሁን መንገዳችን ላይ ከሞሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች ውስጥ እንደ አይዲ 6 ያሉት ብቻቸውን ከ2 ቶን በላይ ናቸው። ላንድክሩዘሩ ከሚጎትተው ይቀላል ማለት ነው። በአውሮፓ ከ750 ኪሎ በላይ የሚመዝን ተሳቢ የራሱ ፍሬን እንዲኖረው ሕጉ ያስገድዳል። ተሳቢው ፍሬን ከሌለው ቁልቁለት ላይ ጎታቹ መኪና ተገፊ ይሆናል። የፊት ዲስክ ይህን አያድነውም።

«ተወው እንጂ አሮጌ መኪና፤ አዲስ ይግዛ» የሚል አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። በምን ገንዘብ? የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ አሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ። በጥር 2016 ደግሞ ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና እንዳይገባ መከልከሉ ተነገረ። የሁለቱም ምክንያት ይገባኛል፤ የነዳጅ ወጪው ቀላል አይደለም። ውጤቱ ግን አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ከድሮው ይልቅ ውድ ሆኖ፣ ከድሮውም የበለጠ ዓመት እንዲሠራ መፈረዱ ነው። እንግዲያውስ በደህና እንዲሠራ ማድረግ የማን ሥራ ነው?

ሊብሬያችሁን አውጥታችሁ እዩት። የሞተር ቁጥር መጻፊያ አለው። ሞተር የቀየረ ሰው ያስመዘግባል፤ ደግም ነው። ስለ ፍሬን ግን አንዲት መስመር የለውም። ለቦሎ የሚደረገው ዓመታዊ ምርመራም ፍሬኑን የሚለካው መኪናው ባዶ ሆኖ፣ ፍሬኑም ቀዝቃዛ ሆኖ ነው። ተሳቢ ለሚጎትት መኪና ይህ ምንም አይነግርም። የጉልበት ለውጥ ሲመዘገብ የፍሬን ለውጥም አብሮ ይጠየቅ፤ ለመጎተት ሥራ የሚወጣ መኪና ተሳቢውን አስሮ ይመርመር። አዲስ መሥሪያ ቤት አያስፈልገውም፤ አንድ ቅጽ ላይ አንድ መስመር መጨመር ነው።

ወጣቱ ከሦስት ሳምንት በኋላ መኪናውን ተረከበ። ሽማግሌው ቁልፉን ዝም ብለው አልሰጡትም። ተሳቢው ላይ አሸዋ አስጭነው አብረውት እንጦጦ ወጡ፣ በከባድ ማርሽ ወረዱ፣ ሽሮ ሜዳ ሲደርሱ ዳር አስያዙት። ከዚያ ወርደው እጃቸውን በየቸርኬው አጠገብ እያስጠጉ ሙቀቱን አንድ በአንድ ለኩ። የግራው የኋላ ጎማ ከሌሎቹ ይበልጥ ይግል ነበር። መልሰው ጋራዥ አስገቡት።