የስሌት ወሰን፤ በብቸናና በሞጣ

አንድ ጋሻ መሬት 40 ሄክታር ያህል ነው። ጎኖቹ እኩል የሆኑ አራት ማዕዘን ቢሆን፣ በዳግም ዘር ሲሰላ አንዱ ጎን 632 ሜትር ገደማ ይሆናል። ዳግም ዘር ግን ወሰን አለው፤ በተለመዱት ቁጥሮች፣ ከዜሮ በታች ላለ ቁጥር መልስ አይሰጥም። ስለዚህ ተማሪ ከስሌቱ አስቀድሞ ወሰኑን ይጠይቃል።

የመሬት ግብርም እንዲሁ ነው። ቀላድ በተጣለበት አገር ግብሩ በጋሻ ይሰላ ነበር፤ በጎጃም ግን ርስት በዘር ይቆጠር እንጂ በቀላድ አይለካም ነበር። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ፣ የብቸናና የሞጣ ገበሬ የመሬቱ ግምት ርስት ማሳጫ ነው ብሎ ዐመፀ። ጦር ዘመተበት፤ በመጨረሻ ግን መንግሥት ግብሩን ሳያስከፍል ቀረ፤ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴም ከሹመታቸው ተነሡ።

አዋጁ ስሌት ነበረው፤ የሚሠራበት ወሰን ግን አስቀድሞ አልተጠየቀም።